ያልመጣው ጎርፍ

ደቻቱ አሸዋ ነው፣ አሥር ወር በሙሉ፤
ልጆች ኳስ ይመቱበታል፣ ግመሎች ይውላሉ።
እኔም ከሆዱ ላይ አሸዋ እየዛቅሁ
በጎዶሎ ሣጥን ለከተማው ሸጥሁ፤
ከታች ድርብ ጣውላ ደብቄ፣ ቸንክሬ፣
ሰባቱን አካፋ ስምንት ብዬ ቆጥሬ።
ቤት ሠራሁ፣ ልጅ ዳርሁ። ለታኅሣሥ ገብርኤል
ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስገባሁ፣ ሰው እልል እስኪል።
ነነዌን በየዓመቱ ሦስት ቀን እየጾምሁ፣
ሌላ ሰው የዋጠ ዓሣ ነው ብዬ ሰማሁ።

ዝናብ የለም እዚህ። የድሬ ሰው ሞቱ
ከሌላ ሰው ሰማይ ነው የሚላክለቱ።
ደንገጎ ሲያለቅስ፣ ተራራው ሲጠቁር፣
እኛ ግን በሽርጥ ደጅ ወጥተን ኮከብ ስንቆጥር፣
ውኃ ይነሣል ከላይ፣ ድንጋይ እያላመጠ፤
ስንቴ ወደ ተኛ ሰፈር ሳያንኳኳ ሮጠ!

ጋሽ ዘውገ ጡረተኛ ነው፣ የምድር ባቡር ሰው፣
አርባ ዓመት ለባቡር መብራት ያወዛወዘው።
ባቡሩ ቢቆምም እሱ አልቆመም ከቶ፤
ቀይ ፋኖሱን ይዞ፣ ካፖርቱን ጎትቶ፣
ተራራው ሲጠቁር ከድልድዩ ጫፍ ቆሟል፦
«ተነሡ፣ ልጆቼ! መስመሩ ተይዟል!»

ሁለቴ ተጣራ፣ ሦስተኛም ተጣራ፤
አሸዋው ነጭ ሆኖ በጠዋት አበራ።
«ጋሽ ዘውገ፣ ምነው፣ ባቡሩ ዘገየ?»
አልነው። ሰፈር ሳቀ፣ የኔ ሳቅ ግን ለየ።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ሙቀት አላስተኛኝ፣
ጋሽ ዘውገ ከደጄ ቆሞ ሲያይ አገኘኝ።
ፋኖሱን ከፍ አርጎ አየኝ፤ አልተቆጣም።
«አንተን ነው» አለና ሌላ ቃል አላወጣም።

እኔም የምወደውን ላሸሽ ተጣደፍሁ፤
ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ፣ የሚስቴን ወርቅ አቀፍሁ።
ከጓዳው ጥግ ደግሞ፣ ከቆጡ ሥር፣ ድንገት
ሣጥኑ እጄ ላይ ወጣ፣ ድርብ ጣውላ ያለበት።
ምን ልበልህ? ባዶውን ነው። ባዶው ከበደኝ።
ጎርፉስ እሱ ነበር፣ አስቀድሞ የወሰደኝ።

ውኃውን ረሳሁት። ሣጥኑን ተሸክሜ፣
በገንደ ቆሬ መንገድ፣ ላብ በላብ ሰጥሜ፣
የእማማ ትርንጎን በር በጡጫ መታሁት፤
የግንቧን ስንጥቅ በጨለማ ዳሰስሁት።
እጄ ገባ ስንጥቁ ውስጥ። ያች ስምንተኛ፣
ያልጫንኋት አካፋ፣ እዚያው ነች፣ ሳትተኛ።

«ማነው?» አለች። ስሜን፣ ጉድለቴንም አልሁ፤
ለንስሓ አባቴ ያልደፈርሁትን በር ላይ አወራሁ።
ዝም አለች። ቆይታ፣ ከበሯ ቀዳዳ፦
«በእንባ አይመረግም» አለች «ይኼ ግድግዳ።
ነገ አሸዋ ይዘህ ና፤ ካህኑ ጋ ኋላ
ትደርሳለህ። አሁን ልተኛበት፣ በል በላ።»

በዚያች ሌሊት ጎርፉ አልመጣም። ነጋ።
አሸዋው እንደ ዱሮው፣ ደረቅ፣ ሰፊ አልጋ።
ሰፈሩ ጋሽ ዘውገን ዳግመኛ ሳቀበት፤
ጠጋ ብዬ «አላፈርህም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ባቡር ቆሞ» አለኝ «ሐዲድ ላይ የተኛ
ልጅ ሲተርፍ፣ ፋኖስ የያዘ ያፍራል ወይ፣ ጓደኛ?
ነነዌም አልጠፋች፤ ያኮረፈው ዮናስ።
እኔ ለምን ላኩርፍ? ጎርፉ ይቅር፣ ሰው ይመለስ።»

ሣጥኑን ሰብሬ አነደድሁ። ለአሥራ አንድ ቤት ከፈልሁ።
የሌሎቹ ስም ጠፋኝ፤ አንዳንዱን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።
አናጢው አዲስ ሣጥን ለክቶ ሠርቶልኛል፤
ሙሉ ነው። መዳፌ ግን አልፎ አልፎ ይበላኛል።

ጋሽ ዘውገ ዘንድሮ፣ በፍልሰታ፣ አረፈ፤
ፋኖሱ ከሚስቱ እጅ ወደ እጄ አለፈ።
ዛሬ ደንገጎ ላይ ጠቁሯል ሰማዩ፤
ልጆቹ አሸዋው ላይ እስካሁን ቆዩ።
ክብሪት ጫርሁ። ነፋስ አጠፋው። ደግሜ ጫርሁ።
«ተነሡ!» ልል ብዬ፣
አስቀድሜ የራሴን ስም ጠራሁ።